የዝናብ ሽታና የአባባ ጆሮ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የምቀዳው ከሱሉልታ፣ ከአባባ ቤት ነው። ቆርቆሮው ላይ የሚንጣጣው ዝናብ ድምፄን ከዋጠው ይቅርታ።

ቅድም ምን ሆነ መሰላችሁ። አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለዋል። ድንገት "ልብሱን አስገቢ፣ ዝናብ መጣ" አሉኝ። ቀና ብዬ አየሁ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ዶፉ ወረደ።

ነጎድጓድ ሰምተው እንዳይመስላችሁ። ድሮ ቲቢ ይዟቸው በየማለዳው ጤና ጣቢያ እየሄዱ፣ ከኪኒኑ ጋር ስትሬፕቶማይሲን የሚባል መርፌ ይወጉ ነበር። ሳሉ ለቀቃቸው፣ ጆሯቸው ግን አብሮ ሄደ። የመርፌው የታወቀ ጉዳት ነው።

አባባን የሸተታቸው ማዶ ቀድሞ የራሰው አፈር ነው። የሚሸተው ኬሚካል ጂኦስሚን ይባላል። ከሚሠሩት አንዱ ስትሬፕቶማይሲስ ግሪሲየስ የሚባል የአፈር ባክቴሪያ ነው። ስትሬፕቶማይሲንም የተገኘው ከዚሁ ባክቴሪያ ነው! በፈረንጆቹ 1943፣ ሴልማን ዋክስማን የሚባል ሳይንቲስት ላቦራቶሪ ውስጥ፣ አልበርት ሻትዝ በሚባል ተማሪ እጅ። የ1952ቱን ኖቤል ዋክስማን ብቻውን ወሰደው። ሁሌ ያናድደኛል፤ እንለፈው።

ባክቴሪያው መድኃኒቱን ዝም ብሎ አይሠራም። ጂኖቹ ተቆልፈው ይቆያሉ። እያንዳንዱ ባክቴሪያ ኤ-ፋክተር የሚሉትን ኬሚካል በጥቂቱ ያወጣል። ሲበዙ ኬሚካሉም ይጠራቀማል። እንደ ዕድር ነው፤ ሰው ካልሞላ ስብሰባው አይጀመርም። ሲሞላ ኬሚካሉ ቆላፊውን ፕሮቲን ከቦታው ያነሳዋል። ከዚያ አንዱ ጂን ሌላውን እየቀሰቀሰ መድኃኒቱ ይሠራል።

የገረመኝ ደግሞ ይሄ ነው። መድኃኒቱን ከሚያስጀምረው ጂን ጎን የማርከሻው ጂን አለ። አብረው ነው የሚነሱት። ባይሆን ባክቴሪያው በገዛ መርዙ ባለቀ ነበር።

እኔ መድኃኒት የማይበግራቸውን ጀርሞች የፈጠርናቸው እኛ ይመስለኝ ነበር። በፈረንጆቹ 2011 ግን ተመራማሪዎች ካናዳ፣ ዩኮን ውስጥ 30,000 ዓመት በረዶ ሆኖ ከኖረ አፈር ጀርሞችን ከመድኃኒት የሚከላከሉ ጂኖች ማግኘታቸውን አሳተሙ። ከፔኒሲሊን ዘሮች፣ ከቴትራሳይክሊን፣ ቫንኮማይሲን ከሚባለው መድኃኒት ሳይቀር። የበረዶ ዘመን እኮ ነው! እኛ የሱሉልታ ብርድ አጥንት ሰረሰረን እንላለን፤ ያኔ የባሌ ተራሮች አናት ላይ የበረዶ ግግር ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እዚያው ባሌ ፊንጫ ሀበራ ዋሻ፣ ሰዎች ትልልቅ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር። ማርከሻው ያኔም አፈር ውስጥ ነበር።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ "እፎይ፣ ጥፋቱ የኔ አይደለም" አልኩ። ከዚያ አምና ከኔ ተርፎ ለጎረቤቴ የሰጠኋት ግማሽ አሞክሳሲሊን ትዝ አለኝ። ጂኑ ጥንታዊ ይሁን እንጂ፣ ደካሞቹን ገድለን ጠንካሮቹን የምናራባው እኛ ነን። እሷም እኮ "አንቺ ከተሻለሽ" ብላ ነው የወሰደችው።

አባባ ጆሮ ላይ ጮኬ ነገርኳቸው፤ ያ መርፌ የመጣው ከዚህ ሽታ ነው አልኳቸው።

"ውሸት ነው" አሉ። "ያኔ አልኮል አልኮል ነበር የሚሸተኝ።"