የማይሸጥ ዕረፍት፦ ለማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት የጤና ባለሙያዎች፣ ከየክልሉ ረጅም መንገድ ተጉዛችሁ የመጣችሁ ተወካዮች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ የሆስፒታል ኃላፊዎችና እንግዶቻችን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ትናንት ማታ ዱቲ (የሌሊት ተረኝነት) አድራችሁ፣ ጠዋት ተረኛ አስረክባችሁ በቀጥታ ወደዚህ አዳራሽ የገባችሁ ባልደረቦች እንዳላችሁ በር ላይ ስንጨባበጥ ነግራችሁኛል። እኔ ስናገር እንቅልፍ ቢወስዳችሁ አልቀየምም፤ የምናገረውም ስለዚሁ ነው።

ማኅበራችን ባለፉት ዓመታት ስሙ ሲነሳ የሚታወቀው በዱቲ ክፍያ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ የተጠራቀመ ክፍያ በመጠበቅ ወራት ያለፉበት አባል እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ደብዳቤዎቻችንን መለስ ብዬ ሳነባቸው አንድ ነገር አሳፈረኝ። ሌሊቱ ስንት እንደሚከፈልበት በየጊዜው ጠይቀናል፤ ከሌሊቱ በኋላ መቼ እንደምንተኛ ግን በአንዱም ደብዳቤ ላይ በቅጡ አልጠየቅንም። ክፍያውን ስንከራከር ዕረፍቱን ረሳነው፤ እውነቱን ለመናገር ሸጥነው።

እስቲ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ስኬጁል እናስበው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋት 2፡30 ገብቶ፣ በምሳ ሰዓት አንድ ሰዓት አርፎ፣ 11፡30 ይወጣል፤ ዓርብ የምሳ ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ስለሆነ የሳምንቱ ሥራ 39 ሰዓት ላይ ያርፋል። አሁን ደግሞ ሰኞ ጠዋት 2፡30 ገብታ፣ ማታውን ተረኛ ሆና አድራ፣ ማክሰኞ ጠዋት የሚተካት ሰው ስለጠፋ እስከ 11፡30 የቆየችውን ነርስ እንቁጠርላት። ሰላሳ ሦስት ሰዓት ከሆስፒታሉ ግቢ አልወጣችም። የሳምንቱን 39 ሰዓት ልትጨርስ ስድስት ሰዓት ሲቀራት ገና ማክሰኞ ነው። ረቡዕ ጠዋት ተመልሳ ትገባለች፤ ካልገባችም ስሟ ላይ ቀይ መስመር ይሰመራል። የኢንተርን (ተለማማጅ) እና የሬዚደንት (ስፔሻሊቲ በመማር ላይ ያሉ) ሐኪሞች ሰዓት ደግሞ ከዚህ የባሰ እንጂ የተሻለ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። አዋላጅ ሆኜ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሠራሁበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም። እንዲህ ባለ ዱቲ ላይ ሳለሁ ሌሊቱን ሁለት የደም ግፊት ያለባቸው እናቶች ጎን ለጎን ተኝተው ነበር፤ ሁለቱም መንቀጥቀጥን የሚከላከለውን ማግኒዚየም ሰልፌት የተባለ መድኃኒት ጀምረዋል። እንደምታውቁት በየአራት ሰዓቱ 5 ግራም በጡንቻ ይሰጣል፤ ከመስጠታችን በፊትም ጉልበቷን መታ አድርገን ምላሹን እናያለን፣ ትንፋሿን እንቆጥራለን፣ ሽንቷን እንለካለን፤ መድኃኒቱ ከመጠን ካለፈ ትንፋሽ ያቆማልና። ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ መርፌውን ቀድቼ ወደ አንደኛዋ አልጋ ጠጋ ስል፣ ወለሉ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው የተቀመጡት የወላዷ እናት ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ቅድም ወግተሻት አልነበረም እንዴ?» አሉኝ።

እኔ አላስታወስኩም። ካርዱን ገለጥኩ፤ ባዶ ነው። የጎረቤቷን ካርድ ስገልጥ ግን ከአንድ ሰዓት በፊት በራሴ እጅ የተጻፈና የተፈረመ አገኘሁ። ለዚችኛዋ ሰጥቼ በዚያችኛዋ ካርድ ላይ ጽፌያለሁ። እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ የጉልበቷ ምላሽ ደህና ነበር፤ ትንፋሿም አልቀነሰም፤ ለጎረቤቷም ሰዓቷ አልፎ የነበረውን መድኃኒት ሰጠኋት። እማማም ሌሊቱን አልተኙም፤ እርሳቸው ግን የሚጠብቁት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጠዋት ለኃላፊዬ ስነግራት የተሰጠኝ ምክር «ተጠንቀቂ» የሚል ነበር። ስንት ሰዓት እንደሠራሁ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ከዚያ በኋላም እስከ ከሰዓት ሥራ ላይ ቆየሁ።

ይህን የማነሳው ኃላፊዬን ለመክሰስ አይደለም፤ እርሷም ሌሊቱን ስልኳ እየተደወለ ያደረች ሴት ነበረች። የማነሳው ድካምን የጥንቃቄ ጉድለት አድርጎ ማየት ምን ያህል እንደተለመደ ለማሳየት ነው። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት 17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው እጁና አእምሮው የሚሠሩት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ነው፤ 24 ሰዓት ሲሞላው ደግሞ ወደ 0.10 በመቶ ይጠጋል። ጠጥቶ ዎርድ የገባ ነርስ በዚያው ቀን ይባረራል። ሃያ አራት ሰዓት ነቅታ የቆየችውን ግን «ጎበዝ ሠራተኛ» ብለን እናመሰግናታለን።

አሜሪካኖች ይህን የተማሩት በሰው ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሊቢ ዚዮን የተባለች የ18 ዓመት ወጣት ኒው ዮርክ ውስጥ ማታ ሆስፒታል ገብታ በማግስቱ ጠዋት ሞተች፤ ይንከባከቧት የነበሩት ረጅም ዱቲ ላይ ያሉ ተለማማጅ ሐኪሞች ነበሩ። አባቷ ጋዜጠኛና የሕግ ባለሙያ ስለነበሩ ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ተከታተሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የኒው ዮርክ ግዛት የሬዚደንቶችን ሥራ በሳምንት 80 ሰዓት፣ በአንድ ጊዜ ደግሞ 24 ሰዓት ላይ ገደበው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በጽኑ ሕሙማን ክፍል 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ በሚዘልቀው በነባሩ የዱቲ አሠራር ላይ የነበሩ አዲስ ሐኪሞች፣ ሰዓቱ ካጠረላቸው ይልቅ 36 በመቶ የበለጠ ከባድ ስህተት እንደሠሩ አሳይቷል። በሳምንት 80 ሰዓት ለእኛ አርአያ የሚሆን ቁጥር ነው አልልም። እነርሱ ግን ቢያንስ ቁጥር አላቸው።

ወደ ሕጋችን ስንመጣ ነገሩ ግራ የሚያጋባ ነው። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 42 ንዑስ አንቀጽ 2 ሠራተኞች በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓትና ዕረፍት የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ በሳምንትም ከ24 ሰዓት ያላነሰ ያልተቋረጠ ዕረፍት ይሰጣል። ይሁን እንጂ ይህ አዋጅ የመንግሥት ሠራተኞችን አይመለከትም። እንግዲህ በአንድ ከተማ፣ መንገድ ተሻግሮ ባለ የግል ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ቢያንስ በወረቀት ላይ ጣሪያ አላት፤ በመንግሥት ሆስፒታል የምትሠራው እህቷ ግን የላትም።

እኛን ለዓመታት ያስተዳደረን የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኖ፣ ትርፍ ሰዓት የሠራ ሠራተኛ እንደ ምርጫው የማካካሻ ዕረፍት ወይም ክፍያ እንደሚያገኝ ይናገር ነበር። የክልል ሆስፒታሎች በየክልላቸው አዋጅ ነው የሚሄዱት፤ አብዛኛዎቻችን የምንኖርበት አሠራር ግን ይኸው ምርጫ ነው። «እንደ ምርጫው» የምትለውን ቃል ቆም ብላችሁ አስቧት። የቤት ኪራይ የደረሰባት፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ያለባት ነርስ እንቅልፍና ብር ፊቷ ሲቀመጥላት የትኛውን ታነሳለች? እኔ ብሩን አንስቻለሁ፤ ደጋግሜ። ይህን ምርጫ ያስቀመጡት ሰዎች ክፋት አልነበረባቸውም፤ ዳሩ ግን ዕረፍቱን በሽተኛውን ጭምር የሚጠብቅ ነገር አድርገው አላዩትም። ፓይለት ዕረፍቱን ሸጦ ልብረር ቢል ማንም አይፈቅድለትም፤ ተሳፋሪው አለና። እኛም ተሳፋሪ አለን።

አንዳንድ ኃላፊዎች «ዱቲ ሩም አላችሁ፤ ሌሊት ትተኙ የለም እንዴ?» ይሉናል። በዱቲ ሩም መተኛት ምን እንደሚመስል እዚህ ላላችሁ ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ ጫማ ሳይወልቅ፣ አንድ ጆሮ በኮሪደሩ ላይ ሆኖ። ለእንግዶቻችን ግን አንድ ፍርድ ልጥቀስ። የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003፣ ኪል በምትባል የጀርመን ከተማ ይሠራ የነበረ ዬገር የተባለ ሐኪም ባቀረበው ክርክር፣ በሆስፒታሉ ውስጥ ሆኖ የሚታደር ተረኝነት ሐኪሙ አልጋ ተሰጥቶት ቢያሸልብ እንኳ ሙሉ በሙሉ የሥራ ሰዓት ነው ሲል ወሰነ። ከዚህም በላይ ምትክ የሚሆነው ዕረፍት ከሥራው ቀጥሎ ወዲያውኑ መሰጠት አለበት አለ። በሚቀጥለው ወር ወይም ሰው ሲገኝ የሚሰጥ ዕረፍት፣ ትናንት ሌሊት ለደከመው ሰው ዕረፍት አይሆነውም። በእኛ ዘንድ «ዱቲ ኦፍ (ከዱቲ በኋላ የሚሰጥ ዕረፍት) ተጠራቅሞልኛል» የሚል ሰው ብዙ ነው። እንቅልፍ እንደ ዕቁብ አይጠራቀምም።

ትልቁ ተቃውሞ የሰው እጥረት ነው። እጥረቱ የለም አልልም፤ ሠላሳ አልጋ ለሁለት ነርስ የሚቀርበትን ሌሊት በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን ተመርቀውና የሙያ ፈቃድ ይዘው ቅጥር የሚጠብቁ ሐኪሞች፣ ነርሶችና አዋላጆች በየከተማው ባሉበት አገር፣ የጎደለው ሰው ሳይሆን የሥራ መደብና በጀት መሆኑን ደፍረን መናገር አለብን። ዕረፍቱ በቁጥር ካልተጻፈ የጎደለው መደብ መቼም አይታይም። አሁን ጉድለቱን የምንሸፍነው እኛ ነን፣ በእንቅልፋችን፤ በሪፖርቱ ላይ ግን ዎርዱ ሙሉ ሠራተኛ እንዳለው ሆኖ ይቀርባል። ዕረፍታችን የግዴታ ሲሆን ክፍት ቦታው በስኬጁሉ ላይ ክፍት ሆኖ ይታያል፤ ያን ጊዜ መደብ የሚጠይቀው ኃላፊው ራሱ ይሆናል።

ራሳችንንም ሳንነካ አንለፍ። ዱቲ አድረን፣ ፊታችንን ታጥበን፣ በቀጥታ ወደ ግል ክሊኒክ ፓርት ታይም የምንሄድ አለን። የሦስት ባልደረቦችን ዱቲ ገዝቶ በእነርሱ ፋንታ በተከታታይ የሚያድርም አለን። የኑሮው ውድነት አስገድዶን ነው፤ በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ከሥራ እስከ ማቆም የደረሱት ለዚህ አይደል? ቢሆንም በአንድ እጃችን ዕረፍት እየጠየቅን በሌላው ብንሸጠው የሚያምነን አናገኝም። ሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴም በዚህ ነጥብ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ግማሾቻችን ማኅበሩ የአባሉን የግል ሰዓት ሊቆጣጠር አይችልም አልን፤ እኔም ከእነርሱ ወገን ነበርኩ፤ አሁን ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ክርክሩን ወደ እናንተ አምጥተነዋል።

ኮሚቴው ያዘጋጀው ረቂቅ በእጃችሁ ላይ አለ፤ ሁለት ገጽ ነው። ዋናው ሐሳቡ በግቢ ውስጥ የታደረ ዱቲ ወይም ከ12 ሰዓት የበለጠ ተከታታይ ሥራ ሲያበቃ፣ ቢያንስ 12 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት ወዲያውኑ እንዲከተል፣ ይህም ዕረፍት በገንዘብ እንዳይለወጥና እንደ ዱቲው ሁሉ በስኬጁሉ ላይ አስቀድሞ እንዲጻፍ ነው። የዱቲ ክፍያው አይነካም፤ ዕረፍቱም ከዓመት ፈቃድ አይቀነስም። 12 የሚለውን ቁጥር ከራሳችን አላመጣነውም፤ የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ለነርሶች ባወጣው ምክረ ሐሳብ በሁለት ተራዎች መካከል ቢያንስ 12 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት እንዲኖር ጠይቋል። ምክረ ሐሳብ ስለሆነ ማንንም አያስገድድም፤ ሆኖም ሃምሳ ዓመት የተጠጋው ጥያቄ እንደ ቅንጦት ሊቆጠር አይገባውም። አደጋ ደርሶ ብዙ ቁስለኛ በአንድ ጊዜ ቢመጣ ዕረፍቱ ሊቋረጥ እንደሚችል ረቂቁ ይቀበላል፤ ያቋረጠው ኃላፊ ግን ምክንያቱን ጽፎ ይፈርማል።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ዕረፍቱ የግዴታ ሲሆን በወር የምንወስደው የዱቲ ብዛት ይቀንሳል፤ ለአንዳንዶቻችን ይህ በቀጥታ የገቢ መቀነስ ነው። ስለዚህ የደመወዝ ጥያቄያችንን ከዚህ ነጥለን ማየት አንችልም፤ ረቂቁም በሁለተኛው ገጽ ላይ ሁለቱን አያይዟቸዋል። የአምቡላንስ ሾፌሮች ተወካዮችም ይኸው እንዲመለከታቸው ትናንት ጠይቀውናል። ወላድ ጭኖ በሌሊት ጥምዝምዝ መንገድ የሚነዳ ሰው ከእኛ ያነሰ ንቃት አያስፈልገውም፤ ጥያቄያቸውን በምስጋና ተቀብለነዋል።

ውይይቱ ከሻይ በኋላ በሦስት ቡድን ተከፍሎ ይካሄዳል፤ ድምፅ የሚሰጠው ነገ ከምሳ በፊት ነው። ዛሬ ማታ ዱቲ ያለባችሁ ተወካዮች ነገ ጠዋት ሳትተኙ መጥታችሁ ድምፅ እንዳትሰጡ፣ ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት ድምፃችሁን በጽሑፍ ለጸሐፊዋ እንድታስረክቡ ኮሚቴው ወስኗል። በዚህ የማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ በይፋ መከፈቱን እገልጻለሁ። አመሰግናለሁ።