ትርፉ አስር ደቂቃ የት ገባ?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከሐዋሳ ነኝ፣ ዛሬም ብቻዬን ነኝ። የባጃጅ ጥሩምባ ከሰማችሁ ታገሱኝ፤ በዚህ ሙቀት መስኮት አይዘጋም።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ፊልም ነው። በትክክል ለመናገር ስለ ዲስኩ። «ሀንስል ኤንድ ግሬትል፦ ዊች ሀንተርስ»። በፈረንጆቹ 2013 ነው የወጣው፤ ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ የፈረንጆቹ ነው። ዳይሬክተሩ ኖርዌያዊው ቶሚ ዊርኮላ ነው፤ ጄረሚ ሬነር ሀንስልን፣ ጄማ አርተርተን ግሬትልን ሆነው ይጫወታሉ። ብዙዎቻችሁ በትርጉም እንዳያችሁት አልጠራጠርም፤ አንድ ሰውዬ የሁሉንም ድምፅ እየሆነ፣ የራሱን ቀልድም ጣል እያደረገ። እኔም መጀመሪያ ያየሁት እንደዛ ነው፣ ደግሞም በጣም ነበር የሳቅኩት።

አሁን ግን ከውጭ የመጣ ዘመድ ዋናውን ብሉ ሬይ፣ ጥራት ያለውን የፊልም ዲስክ ማለት ነው፣ አምጥቶልኝ እጄ ገባ። ማጫወቻ የለኝም። ማን አለው? ፊልም በፍላሽ በሚጫንበት ከተማ ብሉ ሬይ ማጫወቻ የገዛ ሰው ካለ ያስተዋውቁኝ። መጨረሻ ላይ ትዝ ያለኝ አረብ ሰፈር ያለ ጌም ቤት ነው። ልጁ አንድ ጥግ ላይ አሮጌ ፕሌይስቴሽን 3 አለው፣ እሱ ደግሞ ብሉ ሬይ ያነባል። ማታ ኳስ ጌም የሚጫወቱት ልጆች ሲወጡለት በሩን ገርበብ አድርጎ ከተትነው። ሠራ! ጓደኞቹም ቀሩ፣ ለውዝ ተገዛ፣ በቃ ሲኒማ ሆነ።

ያላያችሁት ካላችሁ ታሪኩን ልንገራችሁ፣ መጨረሻውንም ስለማወራው ከአሁኑ ይቅርታ። ሁለት ልጆች ጫካ ውስጥ ተጥለው ይቀራሉ። ከከረሜላ የተሠራ ቤት ያገኛሉ። ውስጡ ጠንቋይ አለች። ጠንቋይዋን እቶን ውስጥ ከትተው ያመልጣሉ። እስከዚህ የምናውቀው ተረት ነው። ከዛ ልጆቹ ያድጉና በገንዘብ ጠንቋይ እያደኑ የሚገድሉ ሰዎች ይሆናሉ፤ ቆዳ ልብስ፣ ባለሁለት አፍ ቀስት፣ መትረየስ፣ ምን የሌለ አለ። አውግስቡርግ የምትባል ከተማ ልጆች እየጠፉባት ነውና ከንቲባው ይቀጥራቸዋል። ሙሪየል የምትባለው ዋናዋ ጠንቋይ፣ ፋምከ ያንሰን ናት፣ ልጆቹን የምትሰበስበው ጨረቃ ደም በምትመስልበት ሌሊት እሳት የማያቃጥላት ለመሆን ነው። አንድ የወደድኳት ነገር፣ የጠፉት ልጆች ሥዕል ወተት ጠርሙስ ላይ ታስሮ ይሸጣል። ሳትጮህ የምታልፍ ቀልድ ናት፣ በትርጉሙ አምልጣኝ ነበር።

እና ዲስኩ ላይ ሁለት ፊልም አለ። አንዱ ሲኒማ የታየው፣ አንድ ሰዓት ተኩል የማይሞላ። ሁለተኛው የተራዘመው፣ ወደ አስር ደቂቃ የሚጠጋ የተጨመረበት። ሽፋኑ ላይ በትልቁ የሚለፈፈው ይሄኛው ነው። ሰው የሚገዛውም ለሱ ነው።

ታዲያ ምን ተጨመረ? ደም። ተጨማሪ ስድብ። የሚፈነዳ ሰው ትንሽ ቆይቶ ይፈነዳል። ጌም ቤቱ ውስጥ መጀመሪያ ላይ «ወይኔ!» እያሉ ይጮሁ ነበር፣ ግማሽ ላይ ስንደርስ አንዱ ስልኩን አወጣ። ደም ልክ እንደ ሚጥሚጣ ነው፤ ከልክ ሲያልፍ ሌላውን ጣዕም ሁሉ ይዞት ይሄዳል። አስር ደቂቃ እኮ ለፊልም ብዙ ነው። አስር ደቂቃ ውስጥ አንድ ሰው አፍቅሮ ይጣላል።

እኔን ያናደደኝ ግን ደሙ ብቻ አይደለም። ያ ጊዜ የት መግባት እንደነበረበት ፊልሙ ራሱ ያሳያችኋል። መጀመሪያው ላይ አባትየው ልጆቹን በሌሊት ቀስቅሶ ጫካ ወስዶ፣ እዚህ ቆዩ ብሏቸው ይሄዳል። ይሄ ትዕይንት ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስትገልጡ አልቋል። የዚህ ተረት ትልቁ ፍርሃት ግን እሱ ነው! ጠንቋይዋ ሁለተኛ ናት። ጀርመናዊዎቹ ተረት ሰብሳቢዎች የግሪም ወንድማማቾች በ1812 ሲያሳትሙት ልጆቹ ተጥለው የሚቀሩት ከድህነት የተነሳ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚበላ የለም። ደግሞ መጀመሪያው እትም ላይ እንጣላቸው የምትለው የገዛ እናታቸው ነበረች። የእንጀራ እናት ያደረጓት ኋላ፣ በ1840 እትም ላይ ነው። ለምን እንደቀየሩት መገመት አይከብድም፤ የእናት ነገር ለልጅ ጆሮ ይከብዳል።

ፊልሙ ደግሞ ከዛም አለሰለሰው። ለካ እናትየው ጥሩ ጠንቋይ ነበረች፣ ልጆቹ ጫካ የተወሰዱት ከሕዝቡ ለማዳን ነበር፣ የመንደሩ ሰው እሷን አቃጠለ፣ አባትየውን ሰቀለ። እሺ፣ ለድርጊት ፊልም የሚያስኬድ ሰበብ ነው። ግን ሀንስል ዕድሜውን ሙሉ «ጥለውን ሄዱ» ብሎ የኖረ ሰው ነው፤ ስለ ወላጆቹ ማውራት እንኳን አይፈልግም። እውነቱን ሲሰማ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ይጀምርና፣ ሬነር ጎበዝ ስለሆነ ይጀምራል፣ ወዲያው ድብድብ። የተራዘመውም ላይ ያው ነው። አንድ ደቂቃ ስጡት እንጂ! አያቶቻችን ምድጃ ዳር «ተረት ተረት» ብለው፣ እኛም «የላም በረት» ብለን ስንሰማ፣ ጅቡ ገና በር ሳያንኳኳ ነበር የምንፈራው። ልጁ ብቻውን መቅረቱ በራሱ ይበቃን ነበር።

ሌላም አለ። ከተማው ውስጥ ሸሪፉ፣ የጸጥታ አዛዡ ማለት ነው፣ ሚና የምትባል ሴት ጠንቋይ ናት ብሎ ሊገድላት ይነሳል። ሕዝቡ ከቧል፣ ማስረጃ የለም፣ ልጅ ጠፍቷል፣ አንድ ሰው መክፈል አለበት። ይሄን ሳይ ቀዘቀዝኩ። «ቡዳ ነው» እየተባለ ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ የተገለለበት አገር ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል። ሀንስልና ግሬትል ያስጥሏታል፣ ግሬትል ሸሪፉን በቴስታ ትለዋለች፣ ጌም ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ። ጥሩ። ግን እንዴት ነው ንፁህ መሆኗን ያረጋገጡት? ጥርሷንና ቆዳዋን አይተው! እንደ ፊልሙ ሕግ ክፉ ጠንቋይ መልኳ ይበሰብሳል። ማለትም መልኳ ያላማረ ሴት ብትሆን ኖሮ አለቀላት። በኋላ ሚና ራሷ ጠንቋይ ሆና ትገኛለች፣ ደግ ጠንቋይ፣ ያውም ቆንጆ። ፊልሙ ራሱ የከፈተውን ጥያቄ ራሱ እየሮጠ ያልፈዋል። ከባድ ፊልም ይሁን እያልኩ አይደለም፣ ጭንቅላት በአየር ላይ የሚበር ፊልም እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ካነሳኸው ያዘው።

በነገራችን ላይ ሀንስል የስኳር በሽታ አለበት፤ በልጅነቱ ጠንቋይዋ ከረሜላ ስላጎረሰችው ነው አሉ። ሰዓቱ ይጮሃል፣ እግሩ ላይ መርፌ ይወጋል። የስኳር መድኃኒቱ ኢንሱሊን የተገኘው በ1921 ነው፣ ከረሜላ ብቻውንም እንዲህ አያደርግም። ግድ የለም፣ ይሄኛውን ወድጄዋለሁ። ጀግና ተኩስ መሀል መድኃኒቱን ሲፈልግ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ኤድዋርድ! ጠንቋዮቹን የሚያገለግለው ግዙፉ ጭራቅ። ሸሪፉና ሰዎቹ ግሬትልን ጫካ ውስጥ ሲደበድቧት መጥቶ አንድ በአንድ ይረጋግጣቸዋል፣ ከዛ ቁስሏን ያጥብላታል። ለምን ረዳኸኝ ስትለው ጭራቆች ጠንቋይ እንደሚያገለግሉ ነግሯት ይሄዳል። ያን አንድ ዓረፍተ ነገር ልብ ካላችሁት የግሬትልን ምሥጢር ፊልሙ ከመናገሩ በፊት ታውቁታላችሁ። እኔ በትርጉሙ አላወቅኩም፤ ተርጓሚው በዛች ሰዓት ስለ ኤድዋርድ አፍንጫ እየቀለደ ነበር።

ኤድዋርድን የኮምፒውተር ሥራ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ዲስኩ ላይ ካሉት ሦስት አጫጭር ቪዲዮዎች አንዱ ስለሱ ብቻ ነው። ውስጡ ሰው አለ፣ ዴሪክ ሚርስ የሚባል ግዙፍ ተዋናይ፤ በ2009ኙ «ፍራይደይ ዘ ሰርቲንዝ» ላይ ነፍሰ ገዳዩን ጄሰንን የሆነው እሱ ነው። ያንን ሁሉ ልብስ ተሸክሞ ይራመዳል፣ ፊቱ ደግሞ ማሽን ነው፣ ከውጭ ሌሎች ሰዎች በሪሞት ቅንድቡንና ከንፈሩን ያንቀሳቅሱታል። ድምፁ የሌላ ሰው ነው። ያ ሁሉ ሰው ተባብሮ አንድ ጭራቅ ያሳዝናችኋል። አርተርተን ዓይኑን አይታ ስታወራው እውነት የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ፊት ለፊቷ የሆነ ነገር ቆሟል። ሁለቱ ሌሎች ቪዲዮዎች ግን ተዋናዮች እርስ በርስ የሚሞጋገሱባቸው ናቸው። የዳይሬክተሩ ማብራሪያ የለም፣ እሱ ቆጭቶኛል።

ጥራቱስ? እዚህ ላይ ዲስኩ ይረታችኋል። ብሉ ሬይ በአንድ ንብርብር 25 ጊጋ ይይዛል፤ እኛ በፍላሽ የምናዞረው 700 ሜጋ የተጨመቀ ነገር ነው። የፊልሙ ግማሽ ሌሊት ጫካ ውስጥ ስለሆነ በተጨመቀው ላይ ጨለማው ካሬ ካሬ ይሆናል፣ ማን ማንን እንደመታ አይለይም። በዲስኩ የቅጠሉ እርጥበት ይታያል፣ የኤድዋርድ የቆዳ መጨማደድ ይታያል፣ ቀስቱ ከግራ ተተኩሶ በቀኝ ሲያልፍ ይሰማል። ለዛውም በጌም ቤት ስፒከር።

ሃያሲዎች ሲወጣ አብጠልጥለውት ነበር፣ በ50 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ ግን ከ220 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል። ሁለቱም አይገርመኝም። እኔ ከአስር ስድስት እሰጠዋለሁ፣ ከስድስቱ ሁለቱ የኤድዋርድ ናቸው።

ካገኛችሁት እንዲህ አድርጉ። ልጆች አስተኙ፤ ደሙም እርቃኑም ለነሱ አይሆንም፣ ስሙ የተረት ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ዲስኩ ሲከፈት ምርጫ ያመጣላችኋል፣ አጭሩን ንኩ። ሲያልቅ የኤድዋርድን ቪዲዮ እዩ። የተራዘመውን ለማየት ከጓጓችሁ ደግሞ የመጨረሻውን ድብድብ ብቻ መርጣችሁ ክፈቱት፣ ትርፉ ደም በደንብ የሚታየው እዛ ነው። በሉ ቻው፣ ጌም ቤቱ ልጅ ዲስኩን ሳያስቧጭርብኝ ሄጄ ልቀበለው።