"ቆይ" ነው ያሉኝ ወይስ "ተው"?

እየቀዳ ነው? ቀይዋ በርታለች። እሺ፣ እየቀዳ ነው።

ዝናቡ ከገባባችሁ ይቅርታ። ቆርቆሮ ነው፣ ጅማ ነው፣ ምን ላድርግ። ባለፈው "ዝናቡ ካንተ የተሻለ ያወራል" ያላችሁኝ ሰዎች ዛሬ ደስ ይበላችሁ። ስለ ቦዬው ጉማሬ ግን አላወራም። አትጠይቁኝ። ጉማሬው ወጣ፣ የሌንሱ ክዳን አልተከፈተም ነበር፣ አለቀ።

የዛሬው ሌላ ነው። ማክሰኞ ማታ ስልክ ተደወለ። ከሦስት ዓመት በፊት ፎቶ ያነሳሁት፣ ኬኩ የተንሸራተተበት ሰርግ ትዝ ይላችኋል አይደል? የዚያ ሰርግ ሙሽራ ናት። "አኮ አረፈች" አለችኝ። አያቷ ናቸው። ነፍስ ይማር አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና "ለአርባዋ ትልቅ ፎቶ ልናሠራ ነበር፣ ካንተ ጋ አይጠፋም መቼስ" አለች።

"አይጠፋም" አልኩ። አፌ ነው ያለው። እኔ ገና አላሰብኩም ነበር።

ሃርድ ዲስኩን አወጣሁ። 2,300 ምናምን ፎቶ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ድረስ አገላበጥኩ። ሴትየዋ አሉ፣ የሉም አይባልም። ግን እንዴት አሉ? አንዱ ላይ ከኬኩ ኋላ ግማሽ ትከሻ ናቸው። አንዱ ላይ የሚዜው ክርን ፊታቸውን ሸፍኖታል። አንዱ ላይ ጎንበስ ብለው የወደቀ ሹካ ያነሳሉ። የቤተሰብ ፎቶው ላይ ጭራሽ የሉም፣ ጓዳ ነበሩ። "እማማ ይጠሩ" ያለ ሰው አልነበረም። ያንን ማለት የነበረበት ሰው ደግሞ... ካሜራውን የያዘው ነው።

ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ላይ ብቻ 400 ፎቶ አለኝ። 400! ዳግማዊ አባ ጅፋር በፈረንጅ ከ1878 እስከ 1932 ገዙ፣ እኔ በረንዳቸውን በሁለት ሰዓት ጨረስኩት። ሙሽሮቹ ደረጃው ላይ፣ ሙሽሮቹ እንጨቱን ተደግፈው፣ ሙሽራው ወደ ሩቅ ሲያይ። ምን እንደሚያይ እግዜር ይወቅ። እዚያ የቆመ ሙሽራ ሁሉ ለምን ወደ ሩቅ እንደሚያይ አንድ ቀን ራሱን የቻለ ክፍል እሠራበታለሁ።

ተውኩት። ወደ ነገሬ።

የሰርጉ ዕለት ነው። ሙሽራዋ ቬሎዋን አውልቃ የሀበሻ ልብስ ለብሳ ወጥታለች። እኔ ባትሪ ልቀይር ወደ መኝታ ቤቱ ሄድኩ፣ ቦርሳዬ እዚያ ነው የነበረው። አዎ፣ ሁለተኛዋ ባትሪ። ሳቁ፣ ፈቅጃለሁ። ቀይሬ ልወጣ ስል ከጎን ያለችው ክፍል በሯ ገርበብ ብሏል። ቬሎው አልጋ ላይ ተዘርግቷል። አያትየዋ የቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት ቆመዋል። ዓይነ ርግቡን ከሻሻቸው በላይ ደፍተውታል።

በግራ እጃቸው ማማሰያ ይዘዋል። የወጥ ማማሰያ። ዓይነ ርግቡን እንዳይነካባቸው እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው፣ ሩቅ አድርገው ነው የያዙት። ጫፉ ላይ ቀይ ወጥ ተንጠልጥሏል፣ ሊንጠባጠብ ነው፣ አልተንጠባጠበም። እሳቸው አይስቁም። ቀልድ አልነበረም። ገበያ ላይ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው፣ ኮስተር ብለው፣ አንዴ በዚህ ጎን አንዴ በዚያ ጎን ራሳቸውን ያያሉ።

ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ።

ቀኝ እጃቸውን አነሱ። መዳፉ ወደ መስታወቱ፣ እንዲህ። አታዩኝም እንጂ አሁን እያሳየኋችሁ ነው። እጃቸው ወጣ፣ ደረታቸው ጋ ሲደርስ ቆመ።

ካሜራዬን አወረድኩ። "ይቅርታ እማማ" ብዬ ወጣሁ።

ይኼው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ታሪክ እንደ ጀብዱ ሳወራው ኖርኩ። ፈረንጅ አራዳ ቡና ላይ ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ። "አንዳንድ ፎቶ አይነሳም፣ ሰው ይቀድማል" ምናምን እያልኩ። ሰዎቹም ጭንቅላታቸውን ይነቀንቁልኛል። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ማክሰኞ ሌሊት ተነስቼ መስታወት ፊት ቆምኩና እጄን አነሳሁ። ሚስቴ ብታየኝ ጠበል ትወስደኝ ነበር። "ተው" የሚል ሰው እጁን ያወዛውዛል። የሳቸው አልተወዛወዘም፣ ቆመ። "ቆይ" የሚል ሰው ነው እጁን የሚያቆመው። ቆይ ላስተካክል። ቆይ ማማሰያውን ላስቀምጥ። እኔ እኮ ፎቶ ቤት ነው የምውለው! ለመታወቂያ የሚመጡ እናቶች ሁሉ ልክ ላነሳ ስል እንዲያ ያደርጋሉ። "ቆይ ልጄ፣ ሻሼን።" በቀን አምስት ጊዜ አየዋለሁ። ያን ቀን እንዴት ጠፋኝ?

ወይ ደግሞ እውነትም "ተው" ነው ያሉኝ። እኔ አሁን ፎቶው ስላስፈለገኝ እጁን እያስተካከልኩት ይሆናል። እሱም አለ።

ሌላም አለ፣ ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። ክፍሏ ጨለማ ነበረች። ካሜራው ላይ ያለው 85 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ነበር፣ አቅርቦ ስለሚያሳይ ለዚያች ጠባብ ክፍል አይሆንም። ሌንስ መቀየር፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) መጨመር ሊኖርብኝ ነው። ውጭ ደግሞ ቪዲዮ ቀራጩ "ኬክ! ኬክ!" እያለ ይጮሃል። እና እጃቸው ሲነሳ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እፎይ ነው ያልኩት። ገላገሉኝ። አክብሮት ያልኩት ስንፍና ይሆን? ግማሽ ግማሽ? አላውቅም።

ቆይ መብራት ሄደ። ...ላፕቶፑ ቻርጅ አለው፣ እቀጥላለሁ።

ዶሮቲያ ላንግ የምትባል አሜሪካዊት ፎቶ አንሺ ነበረች። በፈረንጅ 1936፣ ካሊፎርኒያ። ሥራዋን ጨርሳ በዝናብ ወደ ቤቷ ስትነዳ የአተር ለቃሚዎች ካምፕ የሚል ምልክት አየች። አለፈችው። 20 ማይል ያህል ከራሷ ጋር እየተከራከረች ነዳች። 32 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከዚህ ተነስታችሁ ሰርቦን አልፋችሁ እንደመሄድ በሉት። ከዚያ መኪናዋን አዙራ ተመለሰች። ያቺ ልጆቿ ትከሻዋ ላይ ፊታቸውን የደበቁባት፣ እጇ አገጯ ላይ ያለ እናት፣ ፎቶዋን ሁላችሁም አይታችሁታል፣ በዚያ መመለስ ነው የተገኘችው። ሴትየዋ 32 ኪሎ ሜትር ተመለሰች። እኔ አራት እርምጃ ነበረብኝ።

ይህንንም እንደ ጥሩ ታሪክ ላወራላችሁ ነበር። ግን እናትየው፣ ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምሰን፣ በፈረንጅ 1978 ለጋዜጠኛ ምን እንዳለች ታውቃላችሁ? ምነው ባላነሳችኝ። ፎቶው ዓለምን ሲዞር ለሷ አንዲት ሳንቲም አልመጣላትም። ስለዚህ... ስለዚህ ምን? መመለስም አያድንም ማለት ነው? ሊሆን ይችላል። ብቻ ልጆቿ ለአርባዋ ፎቶ አላጡም ነበር። ደግሞ ፈረንጅ አርባ አያወጣም። ምን እያልኩ ነው።

ጋሼ፣ ሥራውን ያስተማሩኝ፣ በፊልም ጊዜ ለአንድ ሰርግ ሁለት ፊልም ይዘው ይሄዱ ነበር። አንዱ 36 ነው፣ በቃ 72 ፎቶ። መጀመሪያ የሚያደርጉት ወንበር ደርድረው ሽማግሌና አሮጊቱን ማስቀመጥ ነው። "ሙሽራማ ነገም አለች" ይላሉ። እኛ እንስቅባቸው ነበር። እኔ 2,300 አንስቼ...

አሁን ምን እያደረግኩ እንደሆነ ልንገራችሁ። ቤተሰቡ ያገኘው ፎቶ አንድ ነው፣ የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለው። ማኅተሙ ጉንጫቸው ላይ አርፏል። ወይን ጠጅ ቀለም፣ ክቡ ከጆሮ ግንዳቸው ተነስቶ ከንፈራቸውን ሊነካ ይደርሳል። "ታጠፋዋለህ አይደል?" አለችኝ። አጠፋዋለሁ። ሦስት ሌሊት ሆነኝ። ከደህናው ጉንጭ ትንሽ ትንሽ ቆዳ እየቀዳሁ በማኅተሙ ላይ እለጥፋለሁ። ጥሩ እየመጣ ነበር።

ትናንት ማታ ግን ከቀለሙ ስር አንዲት ጥቁር ነጥብ አገኘሁ። ከከንፈራቸው ጥግ ትንሽ ከፍ ብላ። የማኅተም ቀለም ትሁን ወይስ ማርያም የሳመቻቸው? ባጠፋት የሳቸውን ፊት አጠፋሁ። ብተዋት ቆሻሻ ትመስላለች። ሁለት ጊዜ የልጅቷን ቁጥር አውጥቼ መልሼ ዘጋሁት። ብጠይቃት "አንተስ አላየሃትም እንዴ?" ትለኛለች። አይቻቸዋለሁ እኮ። ከዚህ እስከ በሩ ድረስ ቀርቤ። ግን በመስታወት ነው፣ የቱ ጉንጭ የትኛው እንደሆነ እንኳ... ደግሞ ዓይነ ርግቡ እስከ...

ነገ እደውላለሁ። ምናልባት።