ዋስ ሆኜ የቆምኩበት ቀን

(ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በማኅበረሰብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። የእሑድ ዕረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ልጆች ያሳደግኩ፣ እንደ ብዙዎቻችሁ ሁለት ሥራ የምሠራ እናት ነኝ። ዛሬ የማወራው በሹክሹክታ ብቻ ስለምናነሳው ነገር ነው። ልጃችን መሣሪያ ይዞ ተገኝቶ ፌዴራል ሲወስደው ምን እናደርጋለን?

አንድ ሌሊት ስልኬ ጮኸ። የልብ ጓደኛዬ ናት። «ልጄን ወሰዱብኝ» አለችኝ፤ ከዚያ በላይ መናገር አልቻለችም። ሲነጋ ቤቷ ሞላ። ቡና ተፈላ፣ ማንም ሳይጠጣው ቀዘቀዘ። አንዱ ደብተር አወጣ፤ እንደ እድር ስም እየተጠራ ሁለት መቶ፣ አምስት መቶ፣ አንድ ሺህ ተባለ። የሁላችንም ጥያቄ «ቤሉ ስንት ነው?» የሚል ነበር፤ የዋስትናው ገንዘብ ማለታችን ነው። ማታ ፍርድ ቤቱ የመደበለት ጠበቃ ደወለ። «ገንዘቡን አስቀምጡት፤ እኔ የምፈልገው ሰው ነው» አለን። ያን ጊዜ አልገባንም።

የምናውቀው የካውንቲውን ቤል ነው። ዳኛው ገንዘብ ይቆርጣል፣ ተዋጥቶ ይከፈላል፣ ልጁ ይወጣል። የፌዴራሉ ግን ሌላ ነው። በ1984 የወጣው የፌዴራል የዋስትና ሕግ፣ ዳኛው ተከሳሹ ሊከፍለው የማይችለውን ገንዘብ ቆርጦ በዚያ ምክንያት እስር ቤት እንዲያስቀረው አይፈቅድም። የዳኛው ጥያቄ ሁለት ነው። ይህ ሰው ከተለቀቀ በቀጠሮው ይመጣል ወይ? ሰፈሩስ ከእሱ ደኅና ይሆናል ወይ? ለሁለቱም የሚሆን ዋስትና ከተገኘ ይለቀቃል፤ ካልተገኘ አንድ ሚሊዮን ዶላር ብትይዙም አይለቀቅም። ይህን ሕግ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987 በስድስት ለሦስት ድምፅ አጽንቶታል።

መሣሪያ ሲጨመርበት ነገሩ ይከብዳል። በ2006 ሕጉ ሲሻሻል፣ መሣሪያ መያዝ ባለበት ከባድ ወንጀል ሁሉ ላይ ዐቃቤ ሕጉ «ታስሮ ይቆይልኝ» ብሎ ችሎት እንዲያስጠራ በር ተከፈተለት። መሣሪያው ከዕፅ ንግድ ወይም ከአመፅ ወንጀል ጋር ተያይዞ ከተከሰሰበት ደግሞ ሕጉ ገና ከመነሻው «ይታሰር» ወደሚለው ያዘነብላል፤ ያንን ለማፍረስ ማስረጃ ይዞ መቅረብ የተከሳሹ ፋንታ ይሆናል። የእኛ ልጅ ጉዳይ ከዚህ ይቀልል ነበር። ከዓመታት በፊት በከባድ ወንጀል ተፈርዶበታል፤ እንዲህ ያለ ሰው ሽጉጥ መያዙ ብቻውን የፌዴራል ወንጀል ነው። ከ2022 ወዲህ ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ደርሷል። ብዙ ወጣቶቻችን ይህን አያውቁም። «የጓደኛዬ ነው፣ መኪናው ውስጥ ነበር» ማለት የሚያድን ይመስላቸዋል።

መጀመሪያ በቀረበበት ቀን ዐቃቤ ሕጓ የሦስት ቀን ቀጠሮ ጠየቀች። ሕጉ ይፈቅድላታል። እነዚያን ሦስት ቀናት እንዴት እንዳባከንናቸው ልንገራችሁ። አንዱ ቀን ገንዘብ በመሰብሰብ አለፈ። ሁለተኛው ቀን በንትርክ አለቀ፤ «ሰው ሰማ ወይ? የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አወቁ ወይ?» እየተባለ። አባትየው ወደ ፍርድ ቤት አልሄድም አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሐፍረቱ ነው ያሰረው። የተረፈን አንድ ቀን ነበር። በዚያ ቀን ጠበቃው ልጁ ቢለቀቅ በገዛ ቤቱ መቆየት አይሆንም አለ፣ መሣሪያው የተገኘው በወንድሙ መኪና ውስጥ ስለሆነ። «ማን ይቀበለዋል?» ሲል ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ እቀበለዋለሁ አልኩ።

በዚያው ከሰዓት የፕሪትራያል ባልደረባዋ ደወለች። እነዚህ ለዳኛው ስለ ተከሳሹ አጣርተው የሚጽፉ የፍርድ ቤት ሠራተኞች ናቸው። ቤት ውስጥ ማን ይኖራል፣ ማን መቼ ሥራ ይገባል፣ መሣሪያ አለ ወይ? አለ። ባለቤቴ ሌሊት ሱቅ ስለሚሠራ በሕጋዊ መንገድ የገዛው ሽጉጥ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። «በሕግ የያዝኩትን ለሰው ልጅ ብዬ?» አለ። ተቆጣ፣ ወጣ፣ ዞሮ ተመለሰ። ከመሸ በፊት ፈቃድ ላለው ነጋዴ ሸጦ ደረሰኙን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልኝ። ምንም አልተናገረም። እስከ ዛሬ ያንን ደረሰኝ አልጣልኩትም።

ማግስቱን ግሪንቤልት በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ተገኘን። ልጁ እግሩ በሰንሰለት ታስሮ ገባ። ወደ እኛ ዞሮ ሲያየን አገጩ ተንቀጠቀጠ። ዐቃቤ ሕጓ ተነሳችና ከሹፌሩ ወንበር ሥር ስለተገኘው ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ፣ ቀድሞ ሳይገኝ ስለቀረበት የፍርድ ቤት ቀጠሮ ተናገረች። አልዋሸችም። በዚያ ሰፈር ሕፃን የማሳድግ ጎረቤት ብሆን እኔም እንደ እሷ ነበር የምናገረው። ጥይት የሰው ልጅ እንደሚያጠፋ ሳንክድ ነው ለልጃችን መቆም ያለብን።

ከዚያ ስሜ ተጠራ። እንግሊዝኛ እችላለሁ፣ ግን አስተርጓሚ ጠይቄ ነበር፤ በሰው ነጻነት ጉዳይ በግማሽ አፍ መናገር አልፈለግኩም። ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁና እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ። «ይህ ወጣት አንድ ማታ ሳያስፈቅድ ከቤት ቢወጣ፣ ደውለው ያሳውቃሉ?»

ወገኖቼ፣ ይህ ጥያቄ ለእኛ ቀላል አይደለም። የቤት ገመና አይወጣም ተብለን ነው ያደግነው። ልጅን ለመንግሥት አሳልፎ መስጠት በእኛ ዘንድ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። እናቱ ከኋላዬ ተቀምጣ ትንፋሿ ይሰማኛል። ትንሽ ዝም አልኩ። ከዚያ «አዎ፣ እደውላለሁ። ያኔውኑ እደውላለሁ» አልኩ። ዳኛዋ «ተመልሶ እንደሚታሰር እያወቁም?» አሉ። «እያወቅኩም» አልኩ። ልጁ አንገቱን ደፋ፤ ቀና ሲል ግን ፊቱ ላይ ቂም አላየሁበትም።

በአገራችን ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ በኩታቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ዳኛ ፊት ይሄዱ እንደነበር አያቴ ነግራኛለች። ቋጠሮው የሚፈታው ዋስ ሲጠራ ነው። ዋሱ የሚታወቅ፣ «ባይመጣ እኔን» የሚል ሰው ነበር። ግሪንቤልት ቆሜ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚጠይቁን እኛ ከአያቶቻችን የምናውቀውን ነገር ነው፤ እኛ ግን ገንዘብ ይዘን እንመጣለን።

ልጁ ያን ቀን ተለቀቀ። ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለበትን ቦታ የሚያሳይ ጂፒኤስ ታስሮለት፣ ከሥራና ከጠበቃው ቢሮ በቀር ከቤቴ እንዳይወጣ ታዝዞ ነው። በየማታው ያንን ነገር ቻርጅ ለማድረግ ግድግዳው ሥር ተቀምጦ እግሩን ወደ ሶኬቱ ይዘረጋል፤ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ እናወራለን። ልጄ ካልሆነ ልጅ ጋር እንደዚያ አውርቼ አላውቅም። በኋላ ጥፋቱን አመነ፣ ተፈረደበት። ግባ በተባለበት ቀን እስር ቤቱ ደጃፍ ድረስ ያደረስኩት እኔ ነኝ። አንድም ቀጠሮ አልቀረም።

አንድ ነገር ደግሞ መናዘዝ አለብኝ። ከዚያ በፊት ሌላ ቤተሰብ ለምኖኝ ነበር። ሥራ አለብኝ አልኩ። እውነቱ ግን ስሜ ከመሣሪያ ክስ ጋር እንዳይነሳ ፈርቼ ነው። በዚያ ልጅ ችሎት ከእናቱ በቀር የተቀመጠ ሰው አልነበረም፤ የሚቀበለው ቤትም አልተገኘም። ታስሮ ይቆይ ተባለ፣ ብዙ ወር ቆየ። ብሄድ ይለቀቅ ነበር ብዬ አልምልም። አለመሄዴን ግን አልረሳውም።

ጥቂት ነገር ልጨምርና አበቃለሁ። ከእስር ቤት በሚደወል ስልክ ስለ ክሱ አታውሩ፣ ይቀዳል። በነጻ የሚመደበውን ጠበቃ «የመንግሥት ነው» ብላችሁ አትጠርጥሩት፤ ውሎ አዳሩ እዚያ ነው፣ ከብዙ ተከፋዮች ይበልጣል። ልጁ ዜጋ ካልሆነ ያንኑ ቀን ለጠበቃው ንገሩት። የመሣሪያ ፍርድ ግሪን ካርድ ያለውንም ከአገር ሊያስወጣ ይችላል፤ ዳኛ ቢለቀውም ኢሚግሬሽን ሊይዘው ይችላል። መጀመሪያ ጉዳዩን የሚያየው ማጂስትሬት የሚባለው ዳኛ ይታሰር ቢል እንኳ ከበላዩ ላለው ዳኛ አቤት ማለት ይቻላል። ለፕሪትራያል ሰዎች ደግሞ አትዋሹ። ቤታችሁ መሣሪያ ካለ አለ በሉ።

ያ የመዋጮ ደብተር ዛሬም አለኝ። ገጹን ገልብጬ በሩ አጠገብ፣ ከቡናው ጎን አስቀምጬዋለሁ። ገንዘብ አይጻፍበትም። ትርፍ ክፍል ያለው፣ ቤቱ መሣሪያ የሌለበት፣ ሲያስፈልግ ስልኩን አንስቶ እውነቱን የሚናገር ሰው ስሙን ይጻፍበት። የመጀመሪያው መስመር ላይ እኔ አለሁ፤ ከሥሬ ባለቤቴ ፈርሟል።

አመሰግናለሁ።