ፎቶዎቻችሁን ለየትኛው መተግበሪያ አደራ ትሰጣላችሁ?

(ምስል፦ ሐዋሳ፣ ጉዱማሌ፤ በፍቼ ጨምበላላ ዕለት ከሕዝቡ በላይ ከፍ ብለው የተያዙ ስልኮች)

ተራኪ፦ በፍቼ ጨምበላላ ዕለት ጉዱማሌ ላይ ስልኩን ያላወጣ ሰው ማግኘት ይከብዳል። አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር ይነሳሉ፣ ጓደኛ ከጓደኛው ጋር ይነሳል፣ ጭፈራው በቪዲዮ ይቀረጻል። ማታ ላይ ስልኩ «ቦታ የለም» ይላል። ሰው የፎቶ መተግበሪያ መፈለግ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ተቻኩሎ ስለሚመርጥም የሚያየው መልኩን ይሆናል፤ አልበሙ ያምራል ወይ? ፎቶ ማሳመሪያ አለው ወይ?

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ አለ። ስልኩ ዛሬ ማታ ቢሰረቅ፣ ወይም አሞራ ገደል ላይ ከእጃችሁ አምልጦ ሐይቁ ውስጥ ቢገባ፣ ፎቶው ሌላ ቦታ አለ? መልሱ «የለም» ከሆነ መተግበሪያው የቱንም ያህል ቢያምር ማሳያ እንጂ ማስቀመጫ አይደለም።

ከስልኩ ጋር የሚመጣው ጋለሪ በአብዛኛው እንዲህ ያለ ማሳያ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ቀለል ያለ የጋለሪ መተግበሪያም እንደዚያው ነው። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ፎቶዎችን በራሱ ይለያል፣ አቅሙ ዝቅ ላለ ስልክም ይመቻል። ለመደርደር እወደዋለሁ፤ የሚያሳየው ግን ስልኩ ላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ ስልኩ ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል።

ምትኬ፣ ማለትም ስልኩ ቢጠፋም ሌላ ቦታ የሚተርፍ ቅጂ፣ የሚይዙት ሌሎች ናቸው። በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ አስቀድሞ ተጭኖ የሚገኘው ጉግል ፎቶስ 15 ጊጋባይት በነጻ ይሰጣል፤ ይህ ቦታ ግን ለጂሜይልና ለጉግል ድራይቭም የጋራ ነው። ፎቶን ያለ ገደብ በነጻ ማስቀመጥ እ.ኤ.አ. ከጁን 1 ቀን 2021 ጀምሮ ቀርቷል። የአይፎኑ አይክላውድ ነጻ ቦታ ደግሞ 5 ጊጋባይት ብቻ ነው። አንድ ፎቶ 3 ሜጋባይት ቢሆን 15 ጊጋባይት ወደ 5,000 ፎቶ ይይዛል። ቪዲዮ ሲገባበት ግን ስሌቱ ይፈርሳል፤ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ብቻውን ከ100 ሜጋባይት ሊያልፍ ይችላልና። ስለዚህ ነጻውን ቦታ ለፎቶ ተዉት፤ ረጃጅም ቪዲዮዎችን ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። ተጨማሪ ቦታ በየወሩ እየከፈሉ መግዛት ይቻላል፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ለሌለው ሰው ግን ቀላል ስላልሆነ ዕቅዳችሁን በነጻው ቦታ ልክ አድርጉት።

(ምስል፦ አንድ ፎቶ በስልክና በኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን፤ ጣት «ሰርዝ» የሚለውን ሲነካ ከሁለቱም ይጠፋል)

ከሌባ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ምትኬው ተይዞ ሲያበቃ ሰው «አሁንማ ኢንተርኔት ላይ አለ» ብሎ ስልኩን ማራገፍ ይጀምራል። ጉግል ፎቶስ ውስጥ ገብታችሁ ፎቶ ስትሰርዙ ግን ከስልኩም ከኢንተርኔቱም ይሰረዛል። የአይክላውድ ፎቶም እንዲሁ ነው። የያዛችሁት በሁለት መስኮት የሚታይ አንድ ፎቶ እንጂ ሁለት ፎቶ አይደለም። ቦታ የሚለቀቅበት መንገድ ሌላ ነው፤ በጉግል ፎቶስ ቦታ ለማስለቀቅ የተሠራው ትእዛዝ ምትኬ የተያዘላቸውን ፎቶዎች ከስልኩ ላይ ብቻ ያነሳል። አይፎን ደግሞ ትንሹን ቅጂ ስልኩ ላይ ትቶ ዋናውን አይክላውድ ላይ የሚያቆይ ምርጫ አለው። ተሳስታችሁ ከሰረዛችሁ አትደንግጡ፣ አትዘግዩም፤ ጉግል ፎቶስ ምትኬ የተያዘለትን ፎቶ ለ60 ቀን፣ አይፎን ለ30 ቀን ያህል በተሰረዙት ክፍል ውስጥ ያቆየዋል።

በእኛ ዘንድ ብዙ ሰው ፎቶውን የሚያስቀምጠው ቴሌግራም ላይ ነው። ለራሱ ይልካል፣ ወይም ለቤተሰቡ የግል ቻናል ይከፍታል። ልማዱን አልነቅፍም፤ ቀላል ነው፣ ስልክ ሲቀየርም ፎቶው ይከተላል። ነገር ግን ፎቶን እንዲሁ ስትልኩት ቴሌግራም ይጨምቀዋል፤ የተነሳበት ቀንና ቦታ የተመዘገበበት መረጃም ይጠፋል። ከሦስት ዓመት በኋላ መልሳችሁ ስታወርዱት የልጃችሁ ክርስትና ዛሬ የተነሳ መስሎ ከዛሬ ፎቶዎች ጋር ይሰለፋል። ለግድግዳ የሚሆን ትልቅ ፎቶ ልታሳትሙ ስትሉም ጥራቱ አይበቃችሁም። ቴሌግራምን ካልተዋችሁት ፎቶውን እንደ ፋይል አድርጋችሁ ላኩት፤ ያን ጊዜ እንዳለ ይቀመጣል። አካውንቱ ለረጅም ጊዜ ካልተገባበት ከነይዘቱ እንደሚጠፋም አትርሱ፤ የጊዜውን ርዝመት ከቅንብሩ ማስተካከል ትችላላችሁ።

(ምስል፦ ከጎን የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ፤ በስልኩ ላይ በወር የተደረደሩ ፎቶዎች)

ወደ ማደራጀቱ ስንመጣ፣ እነዚህ መተግበሪያዎች ፎቶ የሚደረድሩት በአውሮፓውያን ቀን ነው። የታኅሣሥ 19 የገብርኤልን ንግሥ የምትፈልጉ ዲሴምበር 28 አካባቢ ተመልከቱ፤ ጥምቀትን ጃንዋሪ 19 አካባቢ ታገኙታላችሁ። ቢዛነፍ በአንድ ቀን ነው። ፍቼ ጨምበላላ ግን በዚህ መንገድ አይገኝም። አያንቶዎች የሚባሉት የሲዳማ አዋቂዎች የሰማይ አካላትን ተመልክተው የሚወስኑት በዓል ስለሆነ ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል። ለእንዲህ ያለው በዓል አልበም ያስፈልገዋል፤ ስሙን ከነዓመቱ በአማርኛም ሆነ በሲዳምኛ ጻፉለት። በጉግል ፎቶስም ሆነ በአይፎን ፎቶን አልበም ውስጥ ማስገባት ፎቶውን አያባዛውም፣ ተጨማሪ ቦታም አይወስድም። አልበሙን የበዓሉ ዕለት ማታ ክፈቱት፤ የደበዘዙትንና የተደጋገሙትንም ያኔውኑ ሰርዙ። ሳምንት ካለፈ ማንም አይመለስበትም።

መተግበሪያ ከመምረጥ እኩል የሚያሳስበኝ አካውንቱ ነው። ስልክ ሲገዛ ሻጩ ራሱ የጂሜይል አካውንት ከፍቶ የሚያስረክብበት ጊዜ አለ፤ ገዢው የይለፍ ቃሉን አያውቀውም። ስልኩ በጠፋ ቀን ፎቶው ሁሉ በሰላም ተቀምጦ ባለቤቱ መግባት ያቅተዋል። የእናታችሁንና የአባታችሁን ስልክ እዩላቸው፤ አካውንቱ የራሳቸው ነው? የይለፍ ቃሉ ወረቀት ላይ ተጽፎ ቤት ተቀምጧል? አካውንቱን ለማስመለስ የተመዘገበው ስልክ ቁጥር ዛሬም ይሠራል? ጉግል ለ2 ዓመት ያልተነካ አካውንትን ሊሰርዝ እንደሚችል አሳውቋል፤ በሞቱ ወላጆች ስልክ ላይ የቀሩ ፎቶዎች ያሉት ቤተሰብ ይህን ልብ ይበል።

ምትኬው በዋይፋይ ብቻ እንዲሄድ አድርጉት፤ አለበለዚያ የገዛችሁት የሞባይል ዳታ በአንድ ሌሊት ያልቃል። ዋይፋይ ቤታችሁ ከሌለ በሥራ ቦታ ወይም በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ መተግበሪያውን ከፍታችሁ እስኪጨርስ ጠብቁት።

ከዚያ ፈትኑት። በኮምፒውተር ወይም በሌላ ሰው ስልክ ላይ ወደ አካውንታችሁ ገብታችሁ ሦስት ፎቶ ፈልጉ፤ አንድ የዚህ ሳምንት፣ አንድ የዓመት በፊት፣ አንድ ደግሞ በቴሌግራም የተላከላችሁ። ሦስተኛው ካልተገኘ አትደነቁ፤ ጉግል ፎቶስ ሳይነገረው ምትኬ የሚይዘው በካሜራ የተነሱትን ነው። ወደ ቅንብሩ ግቡና የቴሌግራሙን ፎልደር አብሩለት። ስትጨርሱ ከሰው ስልክ ላይ አካውንታችሁን ዘግታችሁ ውጡ።