የአማሌቅ ሕፃናት

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የምናገረው በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በእግዚአብሔር ስም ስለ ታዘዘ ግድያ ነው። የምናገረው እንደ አማኝ ነው፤ ጥያቄው የሚያመኝም ስለማምን ነው።

«መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል» የሚለውን ቃል ያልሰማ ክርስቲያን ያለ አይመስለኝም። ቃሉ ያለው በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 15፣ ቁጥር 22 ላይ ነው፤ ሲሰበክ ግን የእስራኤል ንጉሥ ሳኦል ያልታዘዘው ትእዛዝ ምን እንደ ነበረ ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል። ትእዛዙ በቁጥር 3 ላይ ተጽፏል፦ ከአማሌቅ ሕዝብ ወንዱንና ሴቱን፣ ብላቴናውንና የሚጠባውን ሕፃን፣ በሬውንና በጉን፣ ግመሉንና አህያውን እንዲገድል። ሳኦል ሕዝቡን በሰይፍ አጠፋ፤ ንጉሡን አጋግንና ከከብቱ መልካም መልካሙን ግን አስቀረ። ከንግሥናው የተናቀው ሕፃናቱን ስለ ገደለ ሳይሆን ንጉሡንና በጎቹን ስላልገደለ ነው። ሳሙኤል የበጎቹ ጩኸት ጆሮው ውስጥ ገብቶ ምን እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ስለ ሕፃናቱ ጩኸት ግን በምዕራፉ ውስጥ የሚጠይቅ አንድም ሰው የለም።

ለዚህ ሁሉ የተሰጠው ምክንያት እስራኤል ከግብፅ ሲወጣ አማሌቅ በመንገድ ላይ መቃወሙ ነው፤ ይህም ከሳኦል ብዙ ትውልድ አስቀድሞ የሆነ ነገር ነው። ያው መጽሐፍ ግን በዘዳግም 24 ልጆች ስለ አባቶቻቸው እንዳይገደሉ ያዝዛል፤ በሕዝቅኤል 18ም ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ይላል። ሕፃናቱ ቢያድጉ ክፉዎች ይሆኑ ነበር የሚለው የተለመደ መልስ ከምዕራፉ ይልቅ ያስፈራኛል፤ በየትኛውም ዘመን ሕፃን የገደለ ሁሉ ይህንኑ ማለት ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ1637 በሰሜን አሜሪካ የእንግሊዝ ሰፋሪዎች ሚስቲክ በተባለ ስፍራ የፔኮት ሕዝብን መንደር ከነሴቱና ከነሕፃኑ ካቃጠሉ በኋላ፣ ከአዛዦቹ አንዱ የነበረው ጆን አንደርሂል የዳዊትን ጦርነት ጠቅሶ፣ ለሥራቸው ከእግዚአብሔር ቃል በቂ ብርሃን እንዳገኙ ጽፏል።

የታሪክ ምሁራን የሚሰጡት መልስ ከዚህ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1868 ዲባን በተባለው ስፍራ በተገኘው የድንጋይ ጽሑፍ ላይ የሞዓብ ንጉሥ ሜሻ፣ ናባው የተባለችውን ከተማ ከእስራኤል ወስዶ 7,000 ሰው ለአምላኩ እርም አድርጎ እንደ ገደለ ይመካል። የዘመኑ ነገሥታት እንዲህ ይዋጉ ነበር፤ ቢያንስ እንዲህ ተዋጋን ብለው ያስጽፉ ነበር። ይህ ጽሑፉ ከየት እንደ መጣ ያስረዳኛል፤ ትክክል እንደ ነበረ ግን አያሳምነኝም።

ይህን መጠየቅ የእምነት ጉድለት ነው ለሚሉኝ፣ በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረውን ጎርጎርዮስ ዘኑሲስን አስታውሳቸዋለሁ። ስለ ግብፅ በኩሮች ሞት ሲጽፍ፣ ክፉንና ደጉን ያልለየ ሕፃን የአባቱን ክፋት የሚከፍል ከሆነ ፍትሕ ወዴት አለ ብሎ በግልጽ ጠይቋል። መልሱን ያገኘው ታሪኩን በምሳሌነት በመተርጎም ነው፤ እኔ በመልሱ ሙሉ በሙሉ ባልረካም፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን አባት ጥያቄውን ሳይሸፋፍን ማንሣቱ ትልቅ ድፍረት ይሰጠኛል።

ከሁሉ በላይ የሚያጽናናኝ ግን መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ከራሱ ጋር መሟገቱ ነው። በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 10 የእስራኤል ንጉሥ ኢዩ የቀድሞውን ንጉሥ የአክዓብን ቤት ይፈጃል፤ የአክዓብ 70 ልጆች ራስ በቅርጫት ተደርጎ ወደ ኢይዝራኤል ይላክለታል፤ እግዚአብሔርም መልካም አድርገሃል እንዳለው ተጽፏል። በሆሴዕ ምዕራፍ 1 ደግሞ ያው እግዚአብሔር የኢይዝራኤልን ደም ከኢዩ ቤት እንደሚበቀል ይናገራል። ሁለቱ ድምፆች በአንድ ጥራዝ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የሰበሰቧቸው ሰዎችም አንዱን ለሌላው ሲሉ አልፋቁትም። በሉቃስ 9ም ያዕቆብና ዮሐንስ በሳምራውያን መንደር ላይ እሳት ከሰማይ ይውረድ ሲሉ፣ ኤልያስ በሁለት ጊዜ መቶ ወታደሮችን ከነአለቆቻቸው ያቃጠለበትን እሳት ማለታቸው ነው፤ ኢየሱስ ግን ዘወር ብሎ ገሠጻቸው። እኔ የምቆመው ከሆሴዕና ከዚህ ተግሣጽ ጋር ነው።

ሆኖም በ2ኛው መቶ ዓመት ማርቅያን እንዳደረገው ብሉይን ጥሎ በሐዲስ መገላገል አይቻልም። ሐናንያና ሰጲራ የሞቱት በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ነው፤ ከወይን መጥመቂያው የወጣው ደም እስከ ፈረሶች ልጓም የደረሰውም በራእይ 14 ነው። በራእይ 19 ላይ ፈረሰኛው ክርስቶስ ውጊያው ሳይጀመር በደም የተነከረ ልብስ መልበሱን አይተው፣ ደሙ የጠላቶቹ ሳይሆን የራሱ ነው የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ። ይህን አነባበብ እወደዋለሁ፤ ሰይፉም ከአፉ እንጂ ከእጁ አለመውጣቱ ይደግፈዋል። የምዕራፍ 14ን መጥመቂያ ግን በዚህ ልፈታው ብሞክርም እስከ አሁን አልተፈታልኝም።