የዶሮ ጆሮ ይሻላል

ጤና ይስጥልኝ! ዛሬ የካቲት 24 የዓለም የመስማት ቀን ነው። የአድዋ ማግስት ላይ መዋሉ ለእኔ ተመችቶኛል፤ ትናንት ስፒከር ስር ቆማችሁ ስትጨፍሩ ውላችሁ ዛሬ ጆሯችሁ ጭው እያለ የመጣችሁ እንደማትጠፉ አውቃለሁ።

ስለ ጆሮ ሲወራ የሚወደሱት ሁሌ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ናቸው። በአንድ ጆሮ 15,000 ገደማ አሉ፣ ድምፅን ለነርቭ የሚያቀብሉትም እነሱ ናቸው። እኔ የማወራው ግን ግራና ቀኝ ይዘው ስላቆሟቸው ነው፦ ስለ ደጋፊ ሕዋሳት።

አንዷ ፀጉር መሰል ሕዋስ በኃይለኛ ድምፅ ወይም እንደ ጄንታማይሲን ባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ስትሞት፣ ደጋፊዎቹ ከብበው አንገቷን አንቀው ይይዛሉ፣ ያስወግዷታል፣ ቀዳዳውንም በገዛ አካላቸው ይደፍናሉ። ከላያቸው ያለው ፈሳሽ ፖታሲየም የበዛበት ነው፤ ሾልኮ ቢወርድ የተረፉትንም ይጎዳል። ስለዚህ መድፈኑን የሚያህል ውለታ የለም።

ችግሩ እዚያው ላይ ማቆማቸው ነው። ጠባሳ ይቀራል፣ መስማት አይመለስም።

ዶሮ ግን እንዲህ አይደለችም። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች ጆሮው የተጎዳ ጫጩት ሲከታተሉ፣ አዳዲስ ፀጉር መሰል ሕዋሳት በቅለው አገኙ። ከየት መጡ? ከደጋፊዎቹ! አንዳንዱ ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዳንዱ ደግሞ ሳይከፈል ሥራውን ቀይሮ።

አዲስ የተወለደች አይጥም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ትንሽ ይሆንላታል፤ ሳምንት ሲሞላት ግን አለቀ። ያን ጊዜ ጆሮዋ ገና አልተከፈተም እኮ! እኛማ ከእናታችን ማህፀን ሳንወጣ ነው መስማት የምንጀምረው፣ ስለዚህ ያ ዕድል ሳናውቀው ነው የሚያመልጠን። ሚዛን በሚጠብቀው የጆሮ ክፍል እንደታየው፣ እያንዳንዱ ደጋፊ ሕዋስ አክቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ መቀነት አለው። የዶሮ መቀነት ቀጭን ሆኖ ይኖራል። የእኛ ግን ከዕድሜ ጋር እየወፈረ ይሄዳል፤ እንዲህ የታጠቀ ሕዋስ መልኩን ቀይሮ መከፈል ይከብደዋል።

እነዚህን ሕዋሳት ለመቀስቀስ ጆሮ ውስጥ የሚወጋ መድኃኒት በሰው ላይ ተሞክሮ፣ በፈረንጆቹ 2023 ውጤቱ ሲታይ አልሠራም። እኔ ተስፋ አልቆረጥኩም፣ ግን ነገ መድኃኒት ይመጣል ብዬ አላታልላችሁም። እንደ ጄንታማይሲን ያለ መርፌ ታዞላችሁ ጆሯችሁ መጮህ ከጀመረ በቀጠሮ ቀን እነግራለሁ አትበሉ፣ ያኔውኑ ለሐኪሙ ንገሩ።

በሉ ጥያቄ። ማይኩን አዙሩላቸው፤ ስፒከሩን ግን ቀነስ አድርጉት።